ምዕራፍ 6፦ ቱቦው ያልደረሰበት አንጀት

የኢንዶስኮፒ ውጤት አጭር ወረቀት ነው። የምግብ ቧንቧ ደህና፣ ጨጓራ ትንሽ መቅላት፣ ዱዎዲነም ደህና፤ ከታች ፊርማና ማኅተም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተመርምሮ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ቤቱ የሚያቀና ሰው ይህን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ሲከት «ተመስገን» ቢል አይፈረድበትም፤ ጨጓራው ላይ ዕጢ አልተገኘም። አንዳንዱ ታካሚ ግን ከሦስት ወር በኋላም አልተሻለውም። ድካሙ አልለቀቀውም፣ ሱሪው እየሰፋው ሄዷል፣ ደሙ ሲለካ እንደገና ወርዷል። ቤተሰቡን ብትጠይቁ «በኢንዶስኮፒ ታይቶ ምንም የለም ተባለ» ይሏችኋል። ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ለዚህ አባባል መልስ ይሆን ዘንድ ነው። ኢንዶስኮፒው የመሰከረው ላየው ክፍል ብቻ ነው፤ ያላየው ደግሞ ካየው በብዙ እጥፍ ይረዝማል።

በልኬት እንነጋገር። በአፍ የሚገባው ቱቦ 1 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ውፍረቱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የምግብ ቧንቧንና ጨጓራን አልፎ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሆነውን ዱዎዲነም ያያል። ዱዎዲነም 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ክፍሉ ላይ ደርሶ ይመለሳል። በፊንጢጣ የሚገባው ኮሎኖስኮፕ ደግሞ ትልቁን አንጀት ይጨርስና፣ ሐኪሙ ታግሦ ከገፋበት፣ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ያሳያል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ጄጁነምና ኢሊየም የሚባሉት ክፍሎች አሉ። ትንሹ አንጀት በጠቅላላው በአዋቂ ሰው እስከ 6 ሜትር ይደርሳል፤ ተጣጥፎ፣ ተደራርቦ፣ በቦታው ሳይረጋ ሆድ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። በዓውደ ዓመት በግ ሲበለት ቆሞ ያየ ሰው የቀጭን አንጀትን ርዝመት ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ የበግ ቀጭን አንጀት 20 ሜትርን ይሻገራል፣ የበሬው እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። ሰንጋ ተራ የከብት ገበያ በነበረበት ዘመን፣ እዚያ ቢላዋ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀው ነበር። የሰው አንጀት በርዝመት ከበግና ከበሬ ያንሳል፤ የውስጥ ሽፋኑ ግን እጥፋት በእጥፋት ላይ ስለሆነ ቢዘረጋ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል።

ይህን ሁሉ ስፋት ይዞ ትንሹ አንጀት ካንሰር እምብዛም አይነካውም። ከምግብ መፍጫ ቧንቧ ርዝመት ሦስት አራተኛውን የሚይዘው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ቧንቧ ላይ ከሚነሱ 100 ካንሰሮች 5 እንኳ የእሱ አይደሉም። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት ብዙ ነው፤ ምግቡ ፈሳሽ ሆኖ ቶሎ ያልፋል፣ የባክቴሪያው ብዛት ከትልቁ አንጀት ጋር አይወዳደርም፣ የሽፋኑ ሴሎች በየ3 እስከ 5 ቀኑ እየተራገፉ በአዲስ ይተካሉ፣ ግድግዳውም በመከላከያ ሴሎች የተሞላ ነው። መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ብርቅነቱ ራሱ አደጋ አለው። ሐኪም በዓመት አንዴ የማያገኘውን በሽታ በየቀኑ አያስበውም፤ ታካሚውም «ጨጓራ ነው» ተብሎ በእንክብል ወራት ይቆያል። በአዲስ አበባ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው መባሉ የዕጢው ታላቅ መደበቂያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የልደታ ነዋሪ የሆኑ የ52 ዓመት እናት እናስብ። ደረጃ ሲወጡ ይደክማቸዋል፣ ደማቸው ሲለካ 7 ግራም ሆኗል። ኢንዶስኮፒ ተነሥተው ደህና ተብለዋል። ወጣቷ ሐኪም ከላቦራቶሪ ወረቀቱ ቀና ብላ ትጠይቃለች።

«እናቴ፣ ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?»

«ኧረ ልጄ፣ ይኼ ደግሞ ምን ይጠየቃል?»

«ደምዎ የሚያልቀው በዚያ በኩል እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«እንግዲያስ አዎ፤ ከጥምቀት ወዲህ ሁለት ሦስቴ ጠቁሯል።»

ምርመራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው እንጂ በካሜራ አይደለም። ጥቁርና የሚያጣብቅ ሰገራ ከላይኛው የአንጀት ክፍል የፈሰሰ ደም ምልክት ሊሆን ይችላል። የብረት እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል፤ ስለዚህ እንክብሉ መቼ እንደተጀመረ መጠየቅ ግድ ነው። የወር አበባ ያቆመች ሴት ወይም ማንኛውም አዋቂ ወንድ የብረት እጥረት ያለበት የደም ማነስ ሲያጋጥመው ደሙ በሆነ በኩል እየፈሰሰ ነው ብሎ መነሣት ይገባል። በአገራችን ከዕጢ በፊት የሚጠረጠሩ አሉ፤ መንጠቆ ትል ትንሹ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል፣ ስለዚህ የሰገራ ምርመራው ይቅደም። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሰው ኮሶም የዚሁ ሰፈር ነዋሪ ነው፤ እሱ ግን ደም እስኪያልቅ አያደርስም፣ ስለዚህ ኮሶ ስለተገኘ ብቻ የደም ማነሱን ፍለጋ ማቆም ስሕተት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የነዋሪዋ ደም በተፈጥሮው ከቆላ ሰው ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በእንዲህ ያለ ከፍታ የደም ማነስ መለኪያው እንዲስተካከል ይመክራል። ለቆላ ሴት ደህና የሚባለው 12 ግራም ለልደታዋ እናት ማነስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ወደ ቱቦው ታሪክ እንለፍ። ተጣጣፊውን የብርጭቆ ክር ኢንዶስኮፕ የሠሩት ባዚል ሂርሾዊትስ ደቡብ አፍሪካ የተወለዱ ሐኪም ናቸው። አሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያውን ቱቦ በራሳቸው ጉሮሮ አስገብተው ሞከሩት፤ ጥቂት ቀናት ቆይተውም በታካሚ ላይ ተጠቀሙበት። ከዚያ በፊት ሐኪሞች ጨጓራን ለማየት የሚያስገቡት ቱቦ ግትር ወይም በከፊል ብቻ የሚታጠፍ ነበር፤ ታካሚውን ያሠቃይ ነበር፣ ብዙውንም የጨጓራ ክፍል አያሳይም ነበር።

መሣሪያው ወደ እኛም ደረሰ። በልዑል መኮንን መታሰቢያነት የተሠራው፣ በ1964 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ከአብዮቱ በኋላ ጥቁር አንበሳ የተባለው ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ዋና መማሪያ ሆነ። በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ ያስተምሩ የነበሩት የጉበትና የምግብ መፍጫ አካላት ሐኪም ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ እ.ኤ.አ. በ1981 የ1,084 ኢትዮጵያውያንን የጨጓራና የዱዎዲነም ምርመራ ውጤት ተንትነው በዓለም አቀፍ መጽሔት አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ የ10,000 ታካሚዎችን የላይኛ ኢንዶስኮፒ ዳሰሳ አወጡ። ለእነዚህ ሐኪሞች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ የራሳችንን ሕዝብ ሆድ በራሳችን ዓይን አይተው መዝግበዋልና። ልብ በሉ ግን፤ የ10,000ው ሁሉ ምርመራ ዱዎዲነም ላይ ያበቃል። ከዚያ ማዶ ያለው በዚያ መዝገብ ውስጥ ሊገባ አይችልም ነበር።

እንግዲህ የትኛው ዕጢ የት ይቀመጣል? ይህ ጥያቄ የትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ይወስናል።

ከሽፋኑ የሚነሣው አዴኖካርሲኖማ የሚባለው ካንሰር ከግማሽ በላይ የሚያዘወትረው ዱዎዲነምን ነው፤ ስለዚህ ተራው ኢንዶስኮፕ የሚደርስበት ነው። ሐሞትና የቆሽት ፈሳሽ ወደ አንጀት የሚገቡባት ትንሽ ጉብታ እዚያው ዱዎዲነም ጎን ላይ አለች። ዕጢ እሷ ላይ ሲበቅል ሐሞት ይታገዳል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ሰውነት ያሳክካል። እዚህ ላይ ልቤ የሚያዝንበት ነገር አለ። በእኛ ዘንድ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ወደ ባሕል መድኃኒት ይላካል፤ ክንዱ ላይ ይተኮሳል፣ ቅጠል ይጠጣል። በቫይረስ የመጣ የጉበት ብግነት ከሆነ ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃልና መድኃኒቱ እንዳዳነው ይቆጠራል። በዕጢ የመጣው ግን አይለቅም፤ ሳምንታት በቆዩ ቁጥር ዕጢው ሥር ይሰዳል። ሕመም የሌለው፣ እየባሰ የሚሄድ ቢጫነት በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ሲታይ አልትራሳውንድ በዚያው ሳምንት መነሣት አለበት። ጉብታዋ ከጎን ስለምትገኝ ፊት ለፊት የሚያየው ተራ ኢንዶስኮፕ ሊያልፋት ይችላል፤ ወደ ጎን የሚያይ ሌላ ዓይነት ቱቦ አለ፣ በእሱ በኩል ናሙናም ይወሰዳል፣ ለታገደው ሐሞት መውረጃ ቱቦም ይገባል።

ጂስት የሚባለው ዕጢ ሌላ ጠባይ አለው። ከሽፋኑ ሳይሆን ከአንጀት ግድግዳ ውስጥ ስለሚነሣ ከላይ ሲታይ ሽፋኑ ደህና ነው፤ ጎበጥ ያለ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከላይ የሚቆነጥረው ናሙና «ጤናማ ሽፋን» የሚል ውጤት ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ውጤቱ እውነት ነው፣ የዕጢው ግን አይደለም። በትንሹ አንጀት ላይ ሲመጣ ጄጁነምን ያዘወትራል፤ መሐሉ ቆስሎ ሲደማ ነው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው። ከኒውሮኢንዶክራይን ሴሎች የሚነሣው ደግሞ ወደ ኢሊየም መጨረሻ ያዘነብላል፣ ዓመታት ዝም ብሎ ይኖራል፣ አንዳንዴም ከአንድ በላይ ነው። ከመከላከያ ሴሎች የሚነሣው ሊምፎማም ይህን ሰፈር ይወዳል። ከሌላ ቦታ የሚመጡም አሉ። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሕዝቦች ላይ ሲከሰት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በእግር መዳፍ ላይ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የሚሰደድባቸው አካላት ውስጥ ትንሹ አንጀት አንዱ ነው። ሆዱን የሚያመው ሰው ጫማውን እንዲያወልቅ የሚጠይቅ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሥራውን የሚያውቅ ነው። ከንፈርን አገላብጦ የሚያይም እንዲሁ፤ በቤተሰብ የሚተላለፈው የፖይትዝ ጄገርስ በሽታ ከንፈርና ድድ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ደግሞ በርካታ ፖሊፕ ያበቅላል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በሜዲትራኒያን ዙሪያና በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች የተመዘገበ አንድ የትንሹ አንጀት ሊምፎማ ነው። የሚይዘው ድሃ ወጣቶችን፣ ንጹሕ ውኃ የሌላቸውንና አንጀታቸው በኢንፌክሽን የኖረውን ነው። ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ መክሳት፤ ምልክቱ ከማንኛውም የድህነት ተቅማጥ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች ካምፒሎባክተር ጄጁኒ ከሚባል ባክቴሪያ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት በቴትራሳይክሊን፣ ማለትም በርካሽ የፀረ ባክቴሪያ እንክብል ሊጠፋ ይችላል። ከዘገየ ኬሞቴራፒ ይፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜም ይገድላል። ይህ ዕጢ ዱዎዲነምንና የጄጁነምን መጀመሪያ ስለሚነካ ተራ ኢንዶስኮፒ ይደርስበታል። ዓይን ግን ሽፋኑ ትንሽ ወፍሮ ከማየት ሌላ ላያይ ይችላል። ለዚህ ነው ለወራት ተቅማጥ ያለበትና የከሳ ሰው ሲመረመር ዱዎዲነም «ደህና ቢመስልም» ከጥልቁ ክፍል በርከት ያለ ናሙና መውሰድ የሚገባው። ናሙና መቆንጠጥ አያምም፤ የሽፋኑ ላይኛ ክፍል የሕመም ስሜት የለውም።

የኢትዮጵያ ሐኪም ግን በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ የሚገጥመው ፈተና ከሁሉ ይከብዳል፤ ፈተናው ቲቢ ነው። የአንጀት ቲቢ ከሁሉ አብልጦ የሚመርጠው ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበትን ቦታ ነው። ሊምፎማም እዚያው ይመጣል። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ማታ ማታ በላብ ያጠምቃሉ፣ ሁለቱም ትኩሳት ያመጣሉ፣ በኮሎኖስኮፕ ሲታዩም ሁለቱም የቆሰለ፣ የጠበበ፣ ያበጠ ግድግዳ ናቸው። ሲቲ ስካንም ብዙ ጊዜ አይለያቸውም። የሚለያቸው ናሙናው ነው፤ እሱም ከቁስሉ ጠርዝና ከመሐሉ ብዙ ቁራጭ ከተወሰደ፣ ከፊሉ ለፓቶሎጂ፣ ከፊሉ የቲቢን ጀርም ለሚፈልገው የጂን-ኤክስፐርት ምርመራ ከተላከ ነው። በቂ ያልሆነ ናሙና «ሥር የሰደደ ብግነት» የሚል ለሁለቱም የሚስማማ መልስ ይሰጣል። ያኔ ሐኪሙ የቲቢ መድኃኒት ሊያስጀምር ይችላል፤ አገሩ የቲቢ አገር ነውና ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል። ትክክል የማይሆነው ዕጢው ሳይጠየቅ 6 ወር ሙሉ መጠበቅ ነው። ቁስሉ ቲቢ ከሆነ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በኢንዶስኮፒ ሲታይ ሲድን ይታያል። ካልዳነ ሌላ ናሙና ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት በአገራችን የትንሹን አንጀት ሊምፎማ ቶሎ ከማግኘት አንጻር ከማንኛውም ውድ ካሜራ የበለጠ ሕይወት የሚያተርፈው ይህ የሁለት ወር ቀጠሮ ነው።

አሁን ወደ መሐሉ እንግባ።

እ.ኤ.አ. በ1981 ጋቭሪኤል ኢዳን የሚባል እስራኤላዊ መሐንዲስ አሜሪካ ቦስተን ሳለ ኤይታን ስካፓ ከተባለ የምግብ መፍጫ አካላት ሐኪም ጋር ይጨዋወታል። ኢዳን ሙያው ለሚሳይል የሚሆን ካሜራ መሥራት ነበር። ስካፓ የትንሹን አንጀት ውስጥ ማየት እንደማይቻል ያጫውተዋል። ነገሩ በኢዳን ልብ ውስጥ ቀረ። ካሜራው እስኪያንስ፣ ባትሪውም እስኪቆጥብ ብዙ ዓመት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1999 እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ስዌይን የመጀመሪያውን ካፕሱል ራሱ ዋጠ፤ በ2000 ግኝቱ ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ፤ በ2001 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቀደው። ካፕሱሉ 26 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ 11 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። በሴኮንድ ሁለት ፎቶ እያነሣ፣ ወገብ ላይ ወደታሰረ መቀበያ በሬዲዮ እየላከ፣ 8 ሰዓት ያህል አንጀት ራሱ እየገፋው ይጓዛል። ከ50,000 በላይ ምስል ይሰበሰባል። ከዚያ አንድ ሐኪም ቁጭ ብሎ ሁሉንም ያያል።

ድንቅ ሥራ ነው፤ ገደቡን ግን መናገር ይገባል። ካፕሱል ናሙና አይወስድም፣ ቆሞ አይመለከትም፣ ወደኋላ አይመለስም። ብቻውን የቆመ ዕጢ በሁለት ፎቶ መካከል ሊያልፍ ይችላል፤ ግድግዳ ውስጥ ያለ ጂስትም ከተራ እጥፋት ላይለይ ይችላል። ለእኛ አገር ግን ዋናው ሥጋት መያዝ ነው። አንጀቱ በቲቢ ጠባሳ ወይም በዕጢ በጠበበበት ቦታ ካፕሱሉ ይቆማል፤ ቀዶ ሕክምና ካልሆነ የማይወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከበላ በኋላ ሆዱ የሚነፋውን፣ የሚቆርጠውን፣ የሚያስመልሰውን ሰው በመጀመሪያ በሲቲ ስካን ማየት ይቀድማል። ለዚህ ተብሎ የሚነሣ ሲቲ አለ፤ ታካሚው ከምርመራው በፊት ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ ቀስ እያለ ይጠጣል፣ አንጀቱ ሲወጠር ግድግዳው በግልጽ ይታያል፣ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ዕጢውን ያጎላዋል። ሳይጠጡ የሚነሡት ተራ የሆድ ሲቲ የተጨማደደ አንጀት ነው የሚያሳየው። ካፕሱል የዋጠ ሰው ደግሞ መውጣቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ መግባት የለበትም።

ናሙና የሚወስደው መፍትሔ ከጃፓን መጣ። ዶክተር ሂሮኖሪ ያማሞቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ዘዴ የሚያስገርመው በቀላልነቱ ነው። ረጅም ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ሲገፋ ቱቦው ሆድ ውስጥ ይጠቀለላል እንጂ ወደፊት አይሄድም፤ አንጀቱ ይለጠጣል፣ ታካሚው ያመዋል። ያማሞቶ 2 ሜትር ርዝመት ያለውን ኢንዶስኮፕ በሌላ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ከተቱትና በሁለቱም ጫፍ ላይ ትንንሽ ፊኛ አሰሩ። የፊተኛው ፊኛ ተነፍቶ አንጀቱን ሲይዝ የኋላኛው ይጠጋል፤ ከዚያ የኋላኛው ይይዝና ሁለቱም ወደኋላ ይሳባሉ፤ አንጀቱ ቱቦው ላይ ይሰበሰባል። በቀሚስ ወገብ ውስጥ ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ እየገፋች የምታስገባ እናት ጨርቁን እንዴት እየሸበሸበች እንደምትሰበስብ ያየ ሰው ዘዴውን ገብቶታል ማለት ነው። በዚህ መንገድ 2 ሜትር ቱቦ ብዙ ሜትር አንጀት ያያል። ከአፍ ገብቶ የማይደርስበትን በሌላ ቀን ከፊንጢጣ ገብቶ ይሞክረዋል፤ የመጀመሪያው ጉዞ ያበቃበት ቦታ ላይ ሐኪሙ ቀለም ወግቶ ምልክት ያኖራል። ያንኑ ቀለም ዕጢ ያለበት ቦታ ላይም ይወጋል፤ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ ሆዱን ሲከፍት ቀለሙን ከውጭ ያየዋል።

ፊኛ ያለው ኢንዶስኮፕ ውድ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ማደንዘዣና የሠለጠነ ቡድን ይጠይቃል። በየሆስፒታሉ የሚገኝ መሣሪያ አይደለም። ይህን ሲያነብ ተስፋ የሚቆርጥ ሐኪም ወይም ታካሚ እንዳይኖር እፈልጋለሁ፤ በእጅ ባለው መሣሪያ ከዱዎዲነም ማለፍ ይቻላልና። የሕፃናት ኮሎኖስኮፕ ቀጭንና ረጅም ነው። በደንብ ከተጸዳና በፀረ ተሕዋስያን ከታጠበ በኋላ በአፍ ቢገባ ከዱዎዲነም ማዶ ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር የሚደርስ የጄጁነም ክፍል ሊያሳይ ይችላል። ፊኛ ያለው ቱቦ ከመፈልሰፉ በፊት በሌላው ዓለምም ሐኪሞች የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። በኮሎኖስኮፒም ሐኪሙ ትልቁን አንጀት ጨርሶ ከመመለስ ይልቅ ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ ወደ ኢሊየም ቢገባ የቲቢና የሊምፎማ ዋና ሰፈር ይታየዋል። ወረቀቱ ላይ «ኢሊየም ታይቷል» ወይም «አልታየም» ተብሎ መጻፉ ለሚቀጥለው ሐኪም ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ታካሚ ውጤቱን ሲቀበል «ዶክተር፣ እስከ የት ድረስ ታየ? ናሙናስ ተወሰደ?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ሰው ወረቀቱን ቤቱ ትቶ ሲመጣ የአንድ ወር ሥራ እንደገና ይሠራል።

እውነቱን ለመናገር በአገራችን ብዙውን የትንሹን አንጀት ዕጢ መጀመሪያ የሚያገኘው ድንገተኛ ክፍል ያለው ቀዶ ሐኪም ነው። ታካሚው ሆዱ ተነፍቶ፣ እያስመለሰው፣ አየር እንኳ መውጣት አቁሞ ይመጣል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የአንጀት መዘጋት ሲገጥም ቀድሞ የሚጠረጠረው የአንጀት መጠማዘዝ ነው፤ ትንሹ አንጀት በራሱ ላይ ዞሮ መታነቁ እኛ ዘንድ ከሌላው ዓለም ጎላ ብሎ እንደሚታይ የአገራችን ቀዶ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ዕጢው በዚህ ውስጥ ይደበቃል። አንድ ምልክት ግን አለ። የአንጀት ክፍል በሌላው ውስጥ ሲገባና ሲቆላለፍ በሕፃን ላይ ብዙ ጊዜ ዕጢ የለም፤ በአዋቂ ላይ ግን ከፊት የሚመራው ዕጢ ሊሆን ስለሚችል በደንብ ይፈተሻል። ቀዶ ሐኪሙ አንጀቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቱ እያሳለፈ ይዳስሳል። በጣት የማይገኝ የሚደማ ቦታ ሲጠረጠር አንጀቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ተራው ኢንዶስኮፕ በንጹሕ ሽፋን ተጠቅልሎ ይገባል፤ ቀዶ ሐኪሙ አንጀቱን ቱቦው ላይ እየሰበሰበ ሲያሳልፍ፣ ሌላው ሐኪም በስክሪኑ ላይ ያያል። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ኢንዶስኮፒ ክፍሉና ቀዶ ክፍሉ መነጋገር ብቻ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የሚወስነው ፓቶሎጂ ነው። የተቆረጠው የአንጀት ክፍል በቂ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ፣ ስምና ቦታው ተጽፎበት፣ ሳይዘገይ መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ጂስት በአብዛኛው የሚነሣው ኪት በሚባል ጂን ጉድለት እንደሆነ አገኙ፤ ፓቶሎጂስቱም በልዩ ቀለም ይህን ኪት ሲያይ ዕጢውን በስሙ ይጠራዋል። ኢማቲኒብ የሚባለው እንክብል ለዚህ ዕጢ የተፈቀደው በ2002 ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ የሆነበት ታካሚ በየቀኑ እየዋጠው ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል፤ የጂኑ ጉድለት ዓይነት ለእንክብሉ የሚመች መሆኑም ይታያል። ሊምፎማ የተባለው ወደ ኬሞቴራፒ፣ ቲቢ የተባለው ወደ ቲቢ ክሊኒክ ይሄዳል። ታካሚው ቁስሉ ድኖ ስፌቱ ሲነሣ ጤነኛ የሆነ ይመስለዋልና የፓቶሎጂ ውጤቱን ሳይወስድ አገሩ የሚገባ ብዙ ነው፤ ታካሚው በሚሰናበትበት ቀን ቀዶ ሐኪሙ የቤተሰቡን አንድ ሰው ስልክ መዝግቦ ውጤቱ ሲመጣ የሚደውልበት አሠራር ባለበት ቦታ፣ ሕክምናው የሚጀምረው በሳምንታት ውስጥ ነው።